ያጎነበሰን የማያይ ዓይን

መስከረም 20

ለልጄ ለድንቡሼ፦

ይህ ወረቀት ጠግበሽ፣ ሞቆሽ፣ ከሰው ተስማምተሽ ያግኝሽ። እኔ አክስትሽ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ፤ ከሐሳብ በቀር የሚያመኝ የለም።

ደብዳቤ እንጻጻፍ ያልኩሽ ስልኩን ጠልቼ አይደለም። ስልክ ላይ «ደህና ነኝ እቴቴ፣ ደህና ነኝ» ትይኛለሽ፣ እኔም «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ከዚያ ይቋረጣል። ሁለት ደህና ሰዎች ምን ያወራሉ? ወረቀት ላይ ግን ሰው እንዲህ በቀላሉ አያመልጥም።

እናትሽ ካረፈች ጀምሮ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝና ሳልደብቅ ልናገር፤ ነገሩ አስፈርቶኛል። ፋርማሲ ቆመሽ መድኃኒት ስትሰጪ ሥራሽ ምን እንደሆነ ለሰው መንገር እችል ነበር። አሁን ሲጠይቁኝ «ባዕድ አገር ሄዳ ለማሽን ማየት ታስተምራለች» ስል ሰዉ ጤንነቴን ሊያረጋግጥ ፊቴን ያየኛል። ቀጮ፣ ያቺ አብራኝ የምትጠርገዋ፣ «ማሽን ማየት ከቻለማ ማን መቼ ሻይ እንደሚጠጣ ሊያሳብቅብን ነው» አለችኝ። ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ስድስት ወር ሙከራ ነው ብለሻል፤ ካላለፍሽስ? የመኖሪያ ፈቃድሽ ከሥራው ጋር የታሰረ መሆኑም አንድ ቀን አምልጦሽ ነግረሽኛል። አንቺ ረስተሽው ይሆናል፣ እኔ አልረሳሁም።

እኔ ያው ነኝ። አውቶብሶቹ የሚያድሩበትን ግቢ እንጠርጋለን፤ ሲወጡ የተንጠባጠበውን ዘይት፣ ሲገቡ ተሳፋሪ የጣለውን ሁሉ። ወገቤም ያው ወገብ ነው።

በይ፣ ለእንደኔ ዓይነቷ በሚገባ ቋንቋ ጻፊልኝ፤ ምንድን ነው የምትሠሪው? አንድ ፎቶሽንም ላኪ፤ ከስተሽ እንደሆነ በዓይኔ ልየው።

አክስትሽ


ጥቅምት 14

ለእቴቴ፣ ለእናቴም ለአባቴም ምትክ፦

ሰላምታዬ ከደጃፍሽ ጀምሮ እስከ ጓዳሽ ይግባልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ይቅርታ፣ ይህን ቃል ከልክለሽኛል። እሺ፤ ደህና ነኝ፣ ግን እፈራለሁ።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ድርጅታችን ለትልልቅ መኪኖች የኋላ ዓይን ይሠራል። አውቶብስ ወደ ኋላ ሲሄድ ካሜራው ሰው ካየ፣ ሹፌሩን ሳይጠይቅ ፍሬን ይይዛል። ካሜራ ግን በራሱ ምንም አያውቅም፤ ለእሱ ሰውና በርሜል አንድ ናቸው። ስለዚህ ብዙ ሺህ ፎቶ እናሳየዋለን። መጀመሪያ የገባሁ ጊዜ ሥራዬ ፎቶው ላይ ሰው ባለበት ሁሉ ዙሪያውን በመስመር ማጠር ነበር። ይሄ ሰው፣ ይሄ ሰው፣ ይሄ ውሻ። ሕፃን ፊደል እንደ ማስቆጠር ቁጠሪው። ሙያው ኮምፒውተር ቪዥን ይባላል። ደረጃው ብዙ ነው፤ ሰውን በመስመር አጣሪ ሆነሽ ትገቢያለሽ፣ ፎቶ መራጭ ትሆኛለሽ፣ ከዚያ ፕሮግራሙን መጻፍና መፈተን ትማሪያለሽ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው ኢንጂነር የሚሉሽ።

አሁን መራጭ ሆኛለሁ። አለቃችን ቀጭን፣ ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። «ያልጠራ ፎቶ ማሽኑን ያደናግረዋል። የሰውየው ጭንቅላት በግልጽ ካልታየ ፎቶውን አውጪው» አለችኝ። መስኮት በሌለው ክፍል ተቀምጬ ሳወጣ ሰነበትኩ። የማሽኑ ውጤት ወዲያው ዘለለ። አለቃዬ ስብሰባ ላይ በሰው ፊት አመሰገነችኝ፤ በዚሁ ከቀጠልሽ ሙከራው ሲያልቅ ኢንጂነር ነሽ አለችኝ። እኔ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሰው ያመሰገነኝ ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ልማድ አላቸው። ዓይኑን ያስተካከለ ሰው ከማንም በፊት ራሱ ከመኪናው ኋላ ይቆማል። ግዴታ አይደለም፣ ግን ያልቆመ የለም። ተራዬ ሲደርስ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አውቶብሱ፣ ዓይኑ ሰው ሲያይ እንደሚለው፣ ጢጥ ጢጥ እያለ ወደ እኔ መጣ። ከዚያ ቆመ። አጨበጨቡልኝ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ፎቶዬ ይኸውልሽ። አልከሳሁም።

ድንቡሼ


ኅዳር 18

ለድንቡሼ፣ ለዓይኔ ብርሃን፦

ፈጣሪ ከክፉ ነገር ሁሉ ይጋርድሽ፤ በተለይ ከአውቶብስ! አንቺ ልጅ ጤናሽን ነው? «ከኋላው ቆምኩ» ብለሽ እንዲህ እንደ ቀላል ነገር ትጽፊልኛለሽ? ደብዳቤሽን ማንበብ የጀመርኩት ቆሜ ነበር፤ እዚያ ጋ ስደርስ መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። መንገድ ስንሻገር እጅሽን ጨምቄ ስይዝሽ «ሰበርሽው» ትይኝ ነበር፤ ለዚህ ነው እንዴ የጨመቅሁሽ? ሁለተኛ እንዳትቆሚ። የእነሱ አክስቶች ዝም ካሉ እነሱ ይቁሙ። ፎቶሽንም አይቻለሁ፤ ከስተሻል።

ደግሞ ጉድ ልንገርሽ። ዓይንሽ እኛ ግቢ መጣ! አዳዲስ አውቶብሶች ገቡልን፤ ኋላቸው ላይ ያቺ ክብ ሰማያዊ ምልክት አለች፣ ፎቶሽ ውስጥ ደረትሽ ላይ ያለችው። እኔም ሳላስበው «የልጄ ናት!» ብዬ ጮህኩ። ሹፌሮቹ ከዚያን ቀን ወዲህ «የዓይኑ አክስት» ይሉኛል። ሥራ አስኪያጃችን ሰዉን ሰብስቦ እንደ ስልክ እንጨት ተገትሮ ከኋላው ቆመ፤ ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ብሎ ቆመለት። እሱ ላቡን ጠረገ፣ እኛ አጨበጨብን።

ናና ብቻ አዝኗል። ናና የምንለው፣ አውቶብስ ሲገባ ከኋላ ሆኖ «ና! ና! ና! በቃ!» የሚለውን ሰውዬ ነው። ዓይን ከመጣ አፍ ምን ያደርጋል ተባለና በር ጠባቂ አደረጉት። አሁን በበሩ ለሚገባው ሰው ሁሉ «ና! ና!» ይላል። ሳቅንበት፤ እሱ ግን አልሳቀም። ሹፌሮቹስ? ያ ጢሞው «እኔ ከእንግዲህ መስታወት የማየው ፀጉሬን ለማበጠር ነው» ይላል።

እኛ ጠራጊዎቹን ከኋላው ቁሙ ያለን የለም። ቢሉንስ መቼ ቆመን እናውቃለን! መጥረጊያችን አጭር፤ ቀኑን ሙሉ እጥፍ ብለን፣ መቀመጫችን ወደ ሰማይ፣ አፍንጫችን ወደ ዘይቱ። ቀጮ «እኛን ፎቶ ቢያነሱ ፊታችን በየት በኩል እንደሆነ አይታወቅም» ትላለች።

ስልኬ ሞተ። የመወልወያ ባልዲ ውስጥ ወደቀ። ሩዝ ውስጥ ቅበሪው አሉኝ፣ ቀበርኩት፤ ሩዙም ተበላሸ፣ ስልኩም አልነቃ። እስኪጠገን በወረቀት ብቻ ነኝ።

ተጠንቀቂልኝ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 10

እቴቴ፦

ዕድሜሽን ያርዝመው። ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፣ አትቀየሚኝ።

ደብዳቤሽን የከፈትኩት ምሳ እየበላሁ ነበር። ስለ ናና ስስቅ ነበር። «እጥፍ ብለን» የሚለው ጋ ስደርስ ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ።

የምጠይቅሽን ብቻ መልሺልኝ። አውቶብሶቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ እናንተ እዚያው እየጠረጋችሁ ነው? ወይስ ሞተር ከጠፋ በኋላ ነው የምትገቡት? ጢሞው ስለ መስታወቱ የሚለው ቀልድ ነው ወይስ የእውነቱን ነው?

እስክትመልሺልኝ ድረስ ሞተሩ በተነሣ አውቶብስ ኋላ እንዳታጎነብሺ። ቀጥ ብለሽ ቁሚና ፊትሽን አሳዪው። ቀጮም እንደዚያው ታድርግ። ምክንያቱን አሁን አትጠይቂኝ፤ ገና እያጣራሁ ነው። ምናልባት የፈራሁት ከንቱ ይሆናል።

ስልክሽን ደጋግሜ ሞከርኩት። ያቺ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋ ሴትዮ ብቻ ናት የምታነሣው።

ድንቡሼ


ታኅሣሥ 28

እቴቴ፦

ካንቺ ምንም አልደረሰኝም። የግቢያችሁን ቢሮ ስልክ አፈላልጌ ደወልኩ። አንድ ሰውዬ «ጠራጊዎች በሥራ ሰዓት ስልክ አይነጋገሩም» ብሎ ዘጋብኝ። እንደገና ደወልኩ። «ጆሮሽ አይሰማም?» አለና ዘጋው።

አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ። «አለሁ» በይኝ። ሰላምታም ምርቃትም አልፈልግም።


ጥር 12

ለልጄ ለድንቡሼ፦

አለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ምርቃት አልፈልግም ማለት ግን ነውር ነው። የረገጥሽው ሁሉ ይጽናልሽ፤ ያየሽ ሁሉ ይውደድሽ።

የዘገየሁት ጉልበቴን ትንሽ አሞኝ ቤት ተኝቼ ስለነበር ነው። ብርዱ ይሆናል። ሁለቱንም ደብዳቤ ቀጮ ናት ከግቢው የፖስታ ሣጥን አውጥታ ቤቴ ድረስ ያመጣችልኝ።

ስለ አውቶብሶቹ አትጨነቂ። ዓይኑ ጎበዝ ነው፣ ሁሉን ያያል። አንቺ ሥራሽን ተጠንቅቀሽ ሥሪ። ለአለቆችሽ ስለ ማሽኑ ክፉ ነገር እንዳትናገሪ፤ ሙከራሽ ሊያልቅ ነው። በሰው አገር አፍን ሰብሰብ ማድረግ ደግ ነው። ስንት ነገር አልፈሽ እዚያ እንደደረስሽ እኔ አውቃለሁ፤ በእኛ ምክንያት የሚበላሽ ነገር እንዳይኖር።

ፋርማሲ የሠራሽ ልጅ ነሽና፣ ለእብጠት የሚሆን ቅባት ካገኘሽ ላኪልኝ። ደግሞ ጉልበት ሲያብጥ በቀዝቃዛ ነው በሙቅ የሚያዘው? ለጎረቤት ነው የምጠይቀው።

አክስትሽ


ጥር 29

እቴቴ፣ የኔ ውሸታም፦

መጀመሪያ ጉልበቴን አሞኝ አልሽ፣ ቀጥሎ ያበጠው የጎረቤት ሆነ። ብርድ ጉልበት እንዲህ አያሳብጥም። በቀዝቃዛ ነው የሚያዘው፤ እግርሽን ትራስ ላይ ከፍ አድርጊው። ቅባቱ ከዚህ ጋር አለ። አሁን ምን እንደነካሽ ንገሪኝ። እኔ ልጀምር።

አውጪ የተባልኩትን ፎቶ ሳወጣ፣ ጭንቅላቱ ያልታየውን ሁሉ ነው ያወጣሁት። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ተመልሼ የጣልኳቸውን ከፈትኳቸው። ጫማውን የሚያስር ሰውዬ። የወደቀባትን ዕቃ የምታነሣ ሴት። ጎማ ሥር የሚያይ መካኒክ። የሚጠርጉ ሴቶች፤ እቴቴ፣ ብዙ የሚጠርጉ ሴቶች። ሁሉንም በዚህ እጄ ነው የጣልኳቸው። ውጤቱ የዘለለው ማሽኑ ስለጎበዘ አይደለም፤ ከባዱን ጥያቄ ከፈተናው ላይ ስላነሣሁለት ነው። ይህ ዓይን ጎንበስ ያለ ሰው አይቶ አያውቅም። ስታጎነብሺ ለእሱ ጆንያ ነሽ። ለጆንያ ደግሞ አይቆምም፤ ለጆንያ ሁሉ የሚቆም አውቶብስ ማን ይገዛል?

ለአለቃዬ ነገርኳት። «የተጎዳ ሰው አለ?» አለችኝ። ስለ ጉልበትሽ የማውቀው አልነበረኝምና «እስካሁን አልሰማሁም» አልኩ።

«እንግዲያው በሚቀጥለው ዙር እናስተካክለዋለን።»

«እስከዚያስ?»

«መመሪያው ላይ ሹፌሩ መስታወት ይመልከት ይላል።»

«ሹፌሮቹ ከእንግዲህ መስታወት አናይም እያሉ ነው!»

«ይህን በጽሑፍ አታድርጊው» አለችኝ፣ በዚያ በማይሰማው ድምፅዋ። «የሙከራ ጊዜሽ ሊያልቅ ነው። ካንቺ በላይ የሚጎዳበት ሰው የለም።»

ካንቺ በላይ አለች። ቃሏ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል።

ነገ አዲሱ ዓይን ይፈተናል፤ የተማረው ያው እኔ በመረጥኳቸው ፎቶዎች ነው፤ የምቆመውም እኔ ነኝ። እኔ ግን አልቆምም። አጎነብሳለሁ። ሹፌሩን አናግሬዋለሁ፤ ሻምበል የሚሉት ትልቅ ሰው ነው። «አብደሻል ልጄ» አለኝ። «እግርህ ፍሬኑ ላይ ይሁን፣ ዓይንህ መስታወቱ ላይ» አልኩት። «ቢያመልጠኝስ?» አለ።  ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቆማለሁ።

የካቲት 1። ቀጠልኩ። 

ከጽዳት ሠራተኛዋ ረጅም መጥረጊያ ተቀበልኩና እጀታውን ሰበርኩት። ሳቁብኝ። ከአውቶብሱ ኋላ ሄጄ እንደ እናንተ እጥፍ አልኩና መጥረግ ጀመርኩ። ሻምበል የኋላ ማርሽ አስገባ። ጢጥ ጢጥ ይላል ብዬ ስጠብቅ ዝም አለ። ሞተሩ ብቻ ነው የሚሰማኝ። መሬቱን ነው የማየው። ጥላው እጄ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ። እቴቴ፣ ያኔ ያሰብኩት ስለ ራሴ አልነበረም፤ ይህን ድምፅ በየቀኑ ከጀርባሽ እየሰማሽ ነው የምትጠርጊው።

የቆመው በሻምበል እግር ነው። ቀና ስል የአውቶብሱ የኋላ መከላከያ ብረት፣ ፓራውልቱ፣ ፀጉሬን ነካው። የሚስቅ ሰው አልነበረም። ሻምበል ወርዶ ጎማው ላይ ተደግፎ ቀረ።

አለቃዬ «ማን ፈቀደልሽ?» ብላ ጮኸች። ድምፅዋን ያን ቀን ሰማሁት። እስክንጠራሽ ቤትሽ ቁጭ በይ ተብያለሁ። ይጥሩኝ አይጥሩኝ አላውቅም። ለካ ሰው ስልክንም በር እንደሚያንኳኳ ሰው ይፈራል።

አንቺ ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው። ግን እባክሽ ስሜን አትጥሪ። ከድርጅቱ ሰው ወሬ አወጣ ከተባለ ሥራውም መኖሪያውም ያልቃል፤ በዚህ ሙያ ደግሞ ሌላ በር የሚከፍትልኝ አይኖርም። «ሰምቼ ነው» በይ።

ድንቡሼ


የካቲት 26

ለልጄ፦

ከዚያ አውቶብስ ኋላ ያወጣሽ አምላክ ከቀረውም ያውጣሽ። ደብዳቤሽን በሁለት ጊዜ ነው የጨረስኩት። ጥላው ትከሻዬ ላይ ወጣ የሚለው ጋ አጠፍኩት፤ ሌላውን ውኃ ጠጥቼ ተመለስኩበት። ሻምበልን ፈጣሪ ይባርክልኝ፤ ሳላውቀው ወንድሜ ነው።

አሁን የእኔን ስሚ። ጉልበቴ ብርድ አይደለም። ጢሞው አውቶብሱን ወደ ኋላ ሲያስገባ ፓራውልቱ ከኋላዬ ገፍቶ በጉልበቴ ደፋኝ። ቀጮ ስትጮህ ነው የቆመው። ያንቺ ማስጠንቀቂያ የደረሰኝ ከተኛሁ በኋላ ነበር። ጢሞው እየተንቀጠቀጠ ወርዶ «እንዴት ሳያይሽ ቀረ? ሁሉን ያያል እኮ!» አለኝ። እኔ ደግሞ እዚያው ዘይቱ ላይ እንደተቀመጥኩ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። እውነት መስሎኝ ነው። ሰውን ሁሉ የሚያይ ነገር እኔን ሳያይ ከቀረ፣ እኔ ነኝ እንጂ የጎደልኩት ማን ይሆናል አልኩ። ላንቺም ያልነገርኩሽ ስምሽ እንዳይነካ ብዬ ነው። አንቺ ከእኔ ስትደብቂ፣ እኔ ካንቺ ስደብቅ፣ አውቶብሱ በመሐላችን ወደ ኋላ ይሄድ ነበር።

ደብዳቤሽን ለሴቶቹ አላነበብኩም፤ እንዳልሽው «ሰምቼ ነው» አልኩ። ቀጮ ዓይኔን አይታ ገባት። አሁን ሞተር ከተነሣ መጥረጊያ አንነካም። ናና በሩን ትቶ መጥቶ «ና! ና! በቃ!» ይላል። ሥራ አስኪያጁ «ማን አዘዘህ?» ሲለው «ጉሮሮዬ» አለው። ሊያባርሩት ይችላሉ። እኛንም። 

ግን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ከከተማው ማዶ ሌላ የአውቶብስ ግቢ አለ። እዚያም አዳዲሶቹ አውቶብሶች ገብተዋል አሉ፤ በቁጥር ከእኛ የሚበልጡ። ጠራጊዎቹን አላውቃቸውም። ትናንት እያነከስኩ ሄድኩ። አንዷን በር ላይ አገኘኋትና ነገርኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ፤ ከዚያ «እማማ፣ ይሄን ማን ነገረሽ?» አለችኝ። «ሰምቼ ነው» አልኩ። ሳቀች። «እሱ እኮ ባለሙያዎች የሠሩት ነው፤ ያልተማረ ሰው ስለ ማሽን ምን ያውቃል?» ብላኝ ገባች። በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። ሄዳ እጥፍ አለች፤ ከኋላዋ አንዱ ሞተር አስነሥቶ ነበር። ያን ጊዜ አልነካትም። አጥሩን ይዤ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም።

ድንቡሼ፣ የሚያምኑኝ አንድ ነገር ካልኩ ብቻ ነው፦ ይህን ዓይን ከሠሩት አንዷ ልጄ ናት፣ ስሟ እንዲህ ነው፣ በእጇ ጽፋ የላከችው ይኸው። አትጥሪ ብለሽኛል። ምን እንደምታጪበት አውቃለሁ፤ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ልጠይቅሽ ብዬ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት። ግን ያንቺ መልስ እስኪደርሰኝ ወር ይፈጃል፤ ያቺ ሴት ነገ ጠዋት ትጠርጋለች።

ስለዚህ ሳልጠይቅሽ ነገ ስምሽን እጠራለሁ። ይቅር በይኝ። የመጣ ቢመጣ ቤትሽ ይኸው ቤትሽ ነው።

እቴቴ